ለዘንጉ የቀረበው እግር

የከፍታ ዝላይ ታሪክ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ አትሌቱ ከመሬት የሚነሣው በየትኛው እግሩ ነው?

በጥንቱ የመቀስ አዘላለል የሚነሡት ከዘንጉ በራቀው እግር ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ሆራይን ግን ለዘንጉ በቀረበው እግሩ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1912 2 ሜትር ዘለለ። ዘንጉ በሆድ በኩል የሚታለፍበት ስልትም ይህንኑ እግር ወረሰ።

ዲክ ፎስበሪ በኦሪገን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ይህ ስልት አልሆነለትም። ወደ መቀሱ ተመለሰ፤ ቀስ በቀስም ጀርባውን ለዘንጉ መስጠት ጀመረ። የሚያስፈነጥረው ቀኝ እግሩ ስለነበር ከግራ በኩል በቅስት ሮጦ፣ ከዘንጉ በራቀው በዚያ እግር ይነሣል። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 2.24 ሜትር ዘሎ ወርቅ ወሰደ። የተተወው ውጫዊ እግር ክብሩን እንዲህ ማስመለሱ ልብ ይነካል!

በሆድ በኩል የሚታለፍበት አሮጌው ስልት ግን ወዲያው አልሞተም፤ ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ሮዝማሪ አከርማን በ1977 በርሊን ላይ 2 ሜትር የዘለለች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በውስጠኛው እግሯ ተነሥታ ነው።