አላሞን ማን አስተማረው?

አማርኛችን መንፈስ የሚናገርበትን ሰው «የዛር ፈረስ» ይለዋል። ልብ በሉ፣ ፈረስ ተገርቶ አይወለድም። የጅማና የቦንጋ ቃልቻ ነገር ሲነሣ ግን ጓደኞቻችን ከሁለት አንዱን ይላሉ፦ ወይ እብድ ነው፣ ወይ አጭበርባሪ። ሦስተኛም አለ፤ የተማረ ነው።

ትምህርቱን ቁጭ ብሎ ያየልን ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ መልካም አያሁ ከምትባል የዛር አዋቂ ቤት እየተመላለሰ ጻፈ። አዲሷ ታማሚ መጀመሪያ እንዲያው ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች፤ ይሄ ገና ጥሬ ነው። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ዕጣኑና ቡናው ሲደጋገም ጉሪውን፣ ማለት አንገትና ደረት እየወዘወዙ መጨፈሩን፣ ትለምዳለች። ከዚያ «ማነህ?» ይባላል። ዛሩ ስሙን ይናገራል፣ ይፎክራል፣ የሚወደውን ልብስና የሚታረድለትን ይጠይቃል። ስሙንና ፉከራውን ከየት አመጣችው? ከቀደሙት ፈረሶች ሰምታ ነዋ!

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬይድ እ.ኤ.አ. በ1843 ስለ ሂፕኖቲዝም መጽሐፍ ሲያወጣ ያለው ከዚህ አይርቅም፦ ኃይሉ ያለው ከአስተኚው እጅ ሳይሆን ከተኚው የልብ ትኩረት ነው። ታዲያ ብሬይድ ሲለው ሳይንስ፣ ባላገር ሲያደርገው እብደት?

ወደ ቡናው አገር እንመለስ። ከፋዎች መንፈሱን እቆ፣ እቆ የሚያድርበትን ሰው አላሞ ይሉታል። የታመመና የተቸገረ ከደጁ ይሰለፋል። አላሞነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ አባቱ ሲያጓራ እያየ ላደገ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል?

በጅማ፣ ከመጀመሪያው አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1830–1855) ወዲህ እስልምና የመንግሥቱ ሃይማኖት ስለሆነ፣ አሮጌው ሥርዓት ከቤተ መንግሥት ራቀ። የጅማ ኦሮሞ ዘመድ በሆነው በሜጫ ግን ቃሉ የሚባለው የሃይማኖት መሪ ሰነበተ። ካርል ኤሪክ ክኑትሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው ጥናት እንደሚለው፣ ቃሉ ቀድሞ በዘር የሚሾም ነበር፤ አያና ወርዶበት መናገሩ የኋላ ዘመን ነገር ነው። ለምን ያኔ? እኔ እንደሚመስለኝ ገዳ ሲዳከም፣ መሬቱም በባዕድ ጌታ ሲያዝ ዳኛ ጠፋ። ጭሰኛው ባለመሬቱን የት ይክሰስ? በባለመሬቱ ፊት? ቃሉ ግን ደጁን ከፍቶ ይዳኝ ነበር፤ የአያናን ፍርድ ደግሞ ማንም አይደፍርም። የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ የመጣው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው።