ወርቁ ሄደ፥ ባዜቃው ቀረ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ በካሊፎርኒያ፥ ሳን ፍራንሲስኮ የሚባል የታወቀ የባሕር ሰላጤ አለ። በዙሪያው የነበረው ረግረግ ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲሞላ የሚሰጥም፥ ሁለት ጊዜ ሲጎድል የሚገለጥ ሣራም ምድር ነው፤ ለዓሣ ማደጊያ፥ ለወፍ ማረፊያ፥ ለጎርፍም መከላከያ ነበር። ሰዎች ግን እንደ ባዶ ስፍራ ቈጥረውት በዐፈር ግድብ እየከለሉ እርሻ፥ ከተማና የጨው ኩሬ አደረጉት። በቀድሞው መልኩ የቀረው ከዐሥር እጅ ሁለቱን እንኳ አያህልም።

እኔ የምጽፍላችሁ ግን በጭቃው ውስጥ ስላደረው ነገር ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እሰጣለሁ።

በ1848 ጄምስ ማርሻል የተባለ ሰው ኮሎማ በተባለ ስፍራ ወርቅ አገኘ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜም ሰው ከየአገሩ ጐረፈ። በአስተማሪነቴ ዘመን ይህን ስተርክ የተማሪዎቼ ዓይን ይበራ ነበር፤ ወርቁ ከዐፈሩ እንዴት እንደ ተለየ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ነገሩስ እንዲህ ነው። ከ1853 ጀምሮ ወርቅ ፈላጊዎቹ በብርቱ ግፊት በሚወረወር ውሃ ኮረብታውን እያፈረሱ፥ ጭቃውን ባዜቃ በፈሰሰበት የእንጨት ቦይ ያሳልፉት ነበር። ባዜቃ፥ እናንተ ሜርኩሪ የምትሉት፥ ወርቅን ይዞ ያስቀራል፤ በእሳት ሲግልም ተንኖ ይለቀዋል። ነገር ግን ብዙው ከጭቃው ጋር ወደ ወንዝ አመለጠ፤ በካሊፎርኒያ በጠቅላላው የጠፋው ከ4 ሺህ ቶን በላይ እንደሚሆን ሊቃውንት ገምተዋል። የፈረሰው ዐፈር እርሻ ስለ ቀበረና የወንዙን ወለል ከፍ አድርጎ ጎርፍ ስላመጣ የሸለቆው ባለርስቶች ከሰሱ፤ በ1884ም ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር ጭቃው ወደ ወንዝ እንዳይጣል ፈረዱ። አስቀድሞ የወረደውን የሚመልስ ፍርድ ግን አልነበረም።

ባዜቃው ከሩቅ የመጣ አይምሰላችሁ። ከሰላጤው በስተ ደቡብ ባሉት ኮረብቶች ኒው አልማደን የሚባል የባዜቃ ማዕድን ከ1845 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ተቈፍሯል። ዝናሙ ከዚያ የቀረውን ትርፍራፊ እያጠበ በጓዳሉፔ ወንዝ በኩል አልቪሶ በምትባል መንደር አጠገብ ወደ ሰላጤው ያወርደዋል። ስለዚህ ሰላጤው ከሰሜንም ከደቡብም ባዜቃ ጠጣ።

በ2003 መንግሥት በደቡቡ ወገን 6 ሺህ ሄክታር ያህል የጨው ኩሬ ገዝቶ ብዙውን ወደ ረግረግነት ሊመልሰው ተነሣ። ግድቡን ሰብሮ ባሕሩን ማስገባት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ አየር በማይደርስበት የረግረግ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ባዜቃውን ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የከፋ መርዝ ይለውጡታል። ደቃቅ ነፍሳት ይውጡታል፥ እነርሱን ዓሣ፥ ዓሣውን ወፍ ይበላል፤ መርዙም በየደረጃው እየበዛ ይሄዳል። ለሕይወት የተመቸው ረግረግ ለዚህም ሥራ የተመቸ መሆኑ ያሳዝናል።

ስለዚህ በአልቪሶ አጠገብ ያለውን ኤ8 የተባለ ኩሬ ሲያድሱ፥ ባሕሩ የሚገባበትን መክፈቻ ሊዘጋ በሚችል በር ሠሩትና በ2011 በጠባቡ ከፈቱት። ከዚያ ዓሣውን እያጠመዱ፥ የወፎቹን እንቍላል እየለቀሙ መረመሩ። መርዙ በመጀመሪያ ከፍ አለ፥ በኋላም ዝቅ አለ፤ በሮቹንም በዓመታት ውስጥ እየጨመሩ ከፈቱ። የቸኰለ መሐንዲስ ቢሆን ግድቡን በአንድ ጧት ያፈርሰው ነበር።

በዚያ ዳርቻ ዛሬም መንጠቆውን ይዞ ለቤቱ እራት የሚያጠምድ ሰው አለ። የካሊፎርኒያ ባለ ሥልጣኖችም ልጅ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶችና ሕፃናት ከሰላጤው የሚወጣውን ሻርክና ስተርጅን እንዳይበሉ ያስጠነቅቃሉ።