ባላንጣ ከቤት ሲወጣ

ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ዋንጫ ይቆጠራል፤ ማን ስንት ወሰደ፣ ማን በየትኛው ዓመት ወረደ። ይሁን፣ ይቆጠር። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሁለት ቡድኖች እንዴት ባላንጣ ይሆናሉ? ማን ከማን ጋር ሲገናኝ ነው ሰው ሱቁን ዘግቶ የሚወጣው?

እኛ ሀብሩዎች ባላንጣነትን ያወቅነው ከእግር ኳስ በፊት ነው። ገና ሲደርስ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይከፈላል፤ ሁሉም ቆልማማ ዱላውን ይዞ እሩሯን ሲያሳድድ ይውላል። ዱላው ቅልጥም ላይ ቢያርፍ ክስ የለም፤ የዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው። ሲመሽ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ልክ ልኩን ይነግረዋል። ከዚያስ? ከዚያ ሁሉም አንድ ጀበና ዙሪያ ይቀመጣል። በእኛ መንደር እስላሙም ክርስቲያኑም ነበር ለጨዋታው የሚወጣው፤ ማንም ተሰዳቢ ተቀይሞ ቡና ሳይጠጣ ሲሄድ አላየሁም።

የአዲስ አበባውም ታሪክ ሥሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በታኅሣሥ 1928 አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ሲመሠርቱት የጣሊያን ጦር ድንበር አልፎ ገብቶ ነበር። ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አዲስ አበባ ተያዘች። ወራሪው ለክለቡ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ስም ለጠፈበት፤ ሐበሻ ከነጭ ቡድን ጋር እንዳይጫወትም ከለከለ። ይህ ክልከላ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከተማውን ይዘሃል፣ ጦሩ በእጅህ ነው፣ አሥራ አንድ ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ልጆች ምን ያስፈራሃል? ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ሰውን ሜዳ ላይ ከገጠምከው እኩያህ መሆኑን ተቀብለሃል፤ ሊያሸንፍህም ይችላል።

ጣሊያን ተባሮ በ1936 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲዘጋጅ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ተመልካቹ ግን ዓይኑ ጊዮርጊስና ፎርቲቱዶ ላይ ነበር ብል ማን ይከራከረኛል? ያ ፎርቲቱዶ እኮ ትናንት አብሮ መጫወት ክልክል የነበረበት ወገን ቡድን ነው፤ ዛሬ ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ዳኛ ፊት ቆሟል። በዚያ ዘመን ለጊዮርጊስ ይጫወት የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብቷል። ኋላ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ነሐሴ 1979፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይዷን እንደያዘች ወደ አፍሪካ ኳስ እንዳትመለስ አጥብቆ የታገለውም እሱ ነው። የልጅነቱን ክልከላ የረሳ አይመስለኝም።

በጥር 1954 የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ደግሞ የአስመራው ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ነበር፤ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ከጎኑ ነበር። ግብፅን 4 ለ 2 የረቱት በተጨማሪ ሰዓት ነው። በአገር ውስጥ ሻምፒዮና አስመራ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ዋንጫ ይነጣጠቁ ነበር፤ የሚነጣጠቁት ልጆች ናቸው አንድ ላይ የተሰለፉት።

ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። መርሳ የሀብሩ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ የሚመጣው አስፋልት መሀሏን ሰንጥቋት ያልፋል። ለአዲስ አበባ ቡድን ምን አገባን? ግን አገባን። ታላቅ ወንድሜ ጊዮርጊስ ነው፣ እኔ ቡና። በታኅሣሥ 1980 ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የሴካፋን ዋንጫ ስንወስድ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰማነው በአንድ ሬዲዮ፣ ጆሯችንን አጣብቀን ነው። በማግሥቱ ወደ ጊዮርጊስና ቡናችን ተመለስን።

ኢትዮጵያ ቡና በ1968 የተመሠረተ ነው፤ ሊጉን እስኪያሸንፍ ድረስ 2003ን ጠብቋል። ውበቱ አባተ ሲያሠለጥነው የተገኘች፣ እስካሁንም አንድ ያለችን ዋንጫ ናት። ወንድሜ የእነሱን መቁጠር ሲጀምር ምሳ ይበርዳል። እኔ ያቺን አንዷን ይዤ እከራከራለሁ። በዚያ ክርክር ላይ ሦስተኛ ሰው ነበር። ከመቀሌ ጭነት እያመላለሰ መርሳ ላይ ምሳ የሚበላ ሹፌር፣ ጊዮርጊስ እስከ አጥንቱ። መኪናውን አቁሞ ብርቱካን ይገዛል፣ ከወንድሜ ጋር ሆኖ እኔን ያንጨረጭረኛል፣ ይሄዳል። የጊዮርጊስና የቡና ባላንጣነት ጥቅሙ ይህ ነበር፤ ቤትን ለሁለት ይከፍላል፣ የመርሳንና የመቀሌን ሰው ደግሞ በአንድ ወገን ያስቀምጣል።

ብሔራዊ ሊጉ በ1990 ከተጀመረ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተቀየረ። በ1996 ዋንጫው ወደ ሀዋሳ ሄደ። የመብራት ኃይል፣ የመድን፣ የባንክ ቡድኖች በነበሩበት ሊግ የከተማ ስም የያዙት በዙ። ወልድያም በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገባች፤ በዓመቱ ወረደች፤ በ2009 ተመለሰች። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የወልድያን ስፋት ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ያስቃል፤ ግን በጨዋታ ቀን ከመርሳ የሚነሳ ሚኒባስ ወንበር አይገኝበትም ነበር። እኔና ወንድሜ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ቡድን ጮህን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ለአንድ ቡድን አብሮ መጮህ ደስ ይላል፤ የማያምን ስታዲየሙን ያየ ይጠይቅ። ነገር ግን የምትሰድበው ሰው አሁን ከጎንህ የለም። ባላንጣው ከቤት ወጥቷል፤ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከሌላ ከተማ ይመጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። አብሮ የሚጠጣ ቡና የለም። ከተሞቹ ደግሞ በክልል የተከፈሉ ናቸው፤ ክልሎቹ ሲኳረፉ የኩርፊያው አድራሻ ሜዳው ሆነ።

መቀሌ በ2010 ወደ ሊጉ ስትገባ ለወልድያ ከአዲስ አበባ በግማሽ ያህል የምትቀርብ ባላንጣ ተገኘች ብዬ ነበር። ከወልድያ ተነስተህ ቆቦን፣ አላማጣን፣ ኮረምን አልፈህ ነው የምትደርሰው፤ በዚህ መንገድ ያልተጋባና ያልተዋለደ ማን አለ? እውነተኛ ደርቢ መሆን የነበረበት ይህ ነው። ኅዳር 24 ቀን 2010 ወልድያ ላይ ሊገናኙ ቀጠሮ ነበራቸው። ከጨዋታው በፊት ከተማው ውስጥ ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ጨዋታው በዕለቱ ሳይካሄድ ቀረ። ሁለት ወገን ጥፋቱን እየተጣጣለ ብዙ ተባብሏል። እኔ የማየው ግን ፊሽካ ያልተነፋበትን ሜዳ ነው። ያ ሹፌር ከዚያ በኋላ መርሳ ሲያርፍ ምሳውን በልቶ ይሄድ ነበር እንጂ ስለ ኳስ አያነሳም። እኛም አላነሳንበትም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወልድያ ወረደች። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ ከፋሲል ከነማ ጋር እስከ መጨረሻው ሳምንት ተናንቆ ዋንጫውን ወሰደ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ጠፉ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ወልድያም መርሳም እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ወይም አልጽፍም።

በ2017 መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለሱ ወንድሜ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። እሱ መቼም ጊዮርጊስን እንዳያሸንፉ ነው የሚጨነቀው። እኔ የጠየቅኩት መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ያ ሹፌር ታይቶ እንደሆነ ነው። አልታየም። ወልድያም በዚያ ሊግ ውስጥ አልነበረችም፤ መቀሌ ብትመጣ የምትገጥማት የለም።