ከትምህርት ቤት ደጃፍ እስከ ምርጫ ሣጥን፦ የቺካኖ ወጣቶች ትግልና ትምህርቱ

የተማሪ ትግል ታሪክ በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው የሚታወሰው ሰልፉ፣ መፈክሩና ከፖሊስ ጋር የተደረገው ግጭት ነው። ከሰልፉ በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ በየቤቱና በየቡና ቤቱ የተካሄደው ጸጥተኛ ሥራ፣ ከሰልፉም በኋላ የተማሪው ጥያቄ የወላጁ ጥያቄ እስኪሆን ድረስ የተከፈለው ድካም ግን ይዘነጋል። በባዕድ አገር የምንኖር ተማሪዎች ደግሞ በምንማርባቸው ከተሞች ሌሎች ሕዝቦች ስላካሄዱት ትግል የምናውቀው ጥቂት ነው። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስለ ሩቅ አገሮች አብዮት ብዙ አንብቦ ይሆናል፤ በዚያችው ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል በ1968 በሺህ የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምን እንዳደረጉ ግን ላያውቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብና አንድ ጥያቄ ለማንሣት ይሞክራል፤ የተማሪ ቁጣ ወደ ሕዝብ ድርጅትነት የሚለወጠው እንዴት ነው? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺካኖ የሚባሉት በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። የአንዳንዶቹ ቅድመ አያቶች ድንበር አቋርጠው የመጡ ሳይሆኑ ድንበሩ ራሱ አቋርጦአቸው ያለፈ ሰዎች ናቸው። ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1848 በጓዳሉፔ ሂዳልጎ በፈረመችው ውል ከግዛቷ ግማሽ ያህሉን አጣች፤ በምትኩ የተከፈላት 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውሉ በዚያ ምድር ለቀሩት ነዋሪዎች ዜግነትንና የንብረት መብትን ቃል ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት በማያውቁት ቋንቋ በሚካሄድ ሙግት፣ በግብር ዕዳና በማጭበርበር አብዛኛው መሬት ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ፤ ብዙ ባለርስት የነበረ ሰው በገዛ ምድሩ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ከ1910 የሜክሲኮ አብዮት ጀምሮ ደግሞ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ተጨመሩ። በእርሻው፣ በማዕድኑና በባቡር ሐዲዱ ጉልበታቸው ተፈለገ፤ ልጆቻቸው ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች ተለይተው ለብቻቸው ይማሩ፣ በግቢው ውስጥ ስፓኒሽ ስለ ተናገሩ ብቻም ይቀጡ ነበር። ቺካኖ የሚለው ቃል ራሱ የንቀት ስም ነበር፤ በ1960ዎቹ ወጣቶቹ ስድቡን አንሥተው የክብር መጠሪያቸው አደረጉት።

ለወጣቶቹ የመጀመሪያው የማደራጀት ትምህርት ቤት የወይን እርሻው ነበር። በሴፕቴምበር 1965 በካሊፎርኒያ ዴላኖ በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩ የፊሊፒንስ ተወላጆች ሥራ አቆሙ፤ ከሳምንት በኋላ ሴሳር ቻቬዝና ዶሎሬስ ሁዌርታ ያቋቋሙት የሜክሲኮ ተወላጆች ማኅበር ተቀላቀላቸው። በ1966 የጸደይ ወራት ከዴላኖ እስከ ሳክራሜንቶ በእግር ተጓዙ፤ ቀጥሎም የአገሩ ሕዝብ ወይን እንዳይገዛ ጥሪ አቀረቡ። በየከተማው የምግብ መደብር ደጃፍ ቆመው ገዢውን እያነጋገሩ ከመለሱት መካከል ተማሪዎች ይገኙበታል። ባለ እርሻዎቹ ውል የፈረሙት በጁላይ 1970፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነበር፤ ሕዝብን የሚያንቀሳቅሰው ንግግር ብቻ አይደለም፣ ደጁን አንኳኩቶ ችግሩን ማዳመጥ ነው።

በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የነበረው ችግር ደግሞ በክፍል ውስጥ ነበር። ትምህርት ሳይጨርስ የሚያቋርጠው ተማሪ ብዙ ነው፤ ክፍሎቹ የተጨናነቁ ናቸው፤ ብልህ የሆነው ልጅ እንኳ ወደ እጅ ሥራ ትምህርት እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲያመራ አይመከርም። በሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ሳል ካስትሮ ይህን እያዩ ዝም አላሉም። ከ1963 ጀምሮ በማሊቡ በሚገኝ ካምፕ በየዓመቱ ይደረግ በነበረው የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ጉባኤ ላይ ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ልጆች ተገናኝተው በደላቸውን አነጻጸሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ ድክመት መስሎት የኖረው ነገር የሁሉም ችግር መሆኑን ተረዳ። ከዚህ የወጡ ወጣቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ፒራንያ የተባለ ቡና ቤት ከፍተውም መሰብሰቢያ አደረጉት። ከመካከላቸው ከፊሉ በኋላ ብራውን ቤሬትስ ወይም ባለ ቡናማ ቆቦቹ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ።

የተማሪዎቹ አቤቱታ መልስ በማጣቱ የቀረው መንገድ ትምህርት ማቆም ነበር። በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ በየቀኑ ክፍል በሚገኘው ተማሪ ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ ባዶ ወንበር ለአስተዳደሩ ኪሣራ ነው። ማርች 1 ቀን 1968 የዊልሰን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ርእሰ መምህሩ አንድ ቲያትር ስለ ከለከሉ ከታሰበው ጊዜ ቀድመው ወጡ። በቀጣዩ ሳምንት ጋርፊልድ፣ ሩዝቬልት፣ ሊንከንና ቤልሞንት ተከተሉ፤ የወጡት ተማሪዎች ቁጥር ከ10,000 በላይ እንደ ነበር ይገመታል። ፖሊስ በዱላ ተቀበላቸው። የጠየቁት ግን ሰማይ የሚነካ አልነበረም፤ በሁለት ቋንቋ መማር፣ የሕዝባቸው ታሪክ በመጽሐፍ እንዲገባ፣ ከወገናቸው የሆኑ መምህራንና አስተዳዳሪዎች እንዲቀጠሩ፣ የመጸዳጃ ቤት በር በምሳ ሰዓት እንዳይቆለፍ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልጆቹ ሲደበደቡ ወላጆች ያደረጉት ነገር ነው። እናትና አባት በመጀመሪያ ደንግጠው ነበር፤ የትምህርት ቤትን ሥልጣን ማክበርን እንደ ሃይማኖት የያዙ ሰዎች ናቸውና። ሆኖም ልጆቻቸው በምን ምክንያት እንደ ወጡ ሲረዱ፣ ከመምህራንና ከቄሶች ጋር ሆነው የትምህርት ጉዳዮች አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ቫሃክ ማርዲሮሲያን የተባሉ ፓስተርም መሪያቸው ሆኑ። የትምህርት ቦርዱ በዚያው ወር ወደ ሊንከን ትምህርት ቤት መጥቶ በወላጆችና በተማሪዎች ፊት ለመቀመጥ ተገደደ። ብዙውን ጥያቄ ትክክል ነው አለ፤ ገንዘብ ግን የለኝም ሲል መለሰ።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከዐቃቤ ሕግ ነበር። ካስትሮን ጨምሮ 13 ሰዎች ትምህርትን ለማወክ አሢረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ለእያንዳንዳቸው የተደገሰላቸው ቅጣት በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር እስራት ነበር። ካስትሮም ከማስተማር ታገዱ። በዚህ ጊዜ ወላጆችና ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቦርዱ አዳራሽ ገብተው ለቀናት እዚያው እያደሩ ተቀመጡ፤ መምህሩም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ክሱም በ1970 በይግባኝ ፍርድ ቤት ሐሳብን የመግለጽ መብትን የሚጻረር ነው ተብሎ ወደቀ። በማርች ወር የተደናገጡት ወላጆች በመከር ወራት የቢሮ ወለል ላይ ተኝተው ያደሩ ሰዎች ሆነው ነበር። የንቅናቄው ትልቁ ድል ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1969 ትግሉ የጋራ ቋንቋ አገኘ። በማርች ወር በዴንቨር በሮዶልፎ ጎንዛሌዝ የሚመራው የፍትሕ ዘመቻ የተባለው ድርጅት ባዘጋጀው ጉባኤ ከመላው አገር ወጣቶች ተሰበሰቡ፤ በኤፕሪል ወር በሳንታ ባርባራ የተገናኙ ተማሪዎችና መምህራንም የቺካኖ ጥናት በዩኒቨርሲቲ እንዲመሠረት የሚጠይቅ ዕቅድ አወጡ፤ የተበታተኑት የተማሪ ማኅበራትም ሜቻ በሚል ስም እንዲዋሐዱ ተወሰነ። ነገር ግን ስለ ነፃነት የሚናገር ድርጅት ሁሉ በገዛ ቤቱ ነፃነትን ያስከብራል ማለት አይደለም። በባለ ቡናማ ቆቦቹ ውስጥ የሕዝቡን ነፃ ክሊኒክ የሚያንቀሳቅሱት በግሎሪያ አሬያኔስ የሚመሩ ሴቶች ነበሩ፤ ውሳኔው ግን የወንዶቹ ነበር። በፌብሩዋሪ 1970 ሴቶቹ ድርጅቱን ትተው ወጡ። ሥራውን የሚሠሩትን የማያከብር ንቅናቄ ሥራውንም ይዞ መቆየት እንደማይችል በዚያን ጊዜ ታየ።

ቁጣ ወደ ሥልጣን የተለወጠበት ግልጽ ምሳሌ ግን ክሪስታል ሲቲ የምትባለው ትንሽ የደቡብ ቴክሳስ ከተማ ናት። ከተማዋ የምትታወቀው በስፒናች አትክልት ነው፤ በ1937 ስፒናች በልቶ ለሚፈረጥመው የካርቱን ጀግና ለፖፓይ ሐውልት አቁማለታለች። ከነዋሪዎቿ እጅግ የሚበዙት ስፒናቹን የሚለቅሙት የሜክሲኮ ተወላጆች ሲሆኑ ምክር ቤቱንና ትምህርት ቤቱን የሚገዙት ግን ጥቂቶቹ ነጮች ነበሩ። በ1963 አምስት የሜክሲኮ ተወላጆች በውጭ ማኅበራት ድጋፍ ምክር ቤቱን አሸንፈው ነበር፤ ነገር ግን ከሥር የሚይዛቸው የራሳቸው ድርጅት ስላልነበራቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ተሸነፉ።

የዚህችው ከተማ ልጅ ሆዜ አንሄል ጉቲየሬዝ በ1967 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ማዮ የተባለውን የወጣቶች ድርጅት መሥርቶ ነበር። በ1969 ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ተማሪዎቹን ያስቆጣው ጉዳይ ተራ ነገር ይመስል ነበር፤ በኳስ ጨዋታ ላይ ደጋፊውን የሚያስጨፍሩት ልጃገረዶች የሚመረጡት በመምህራን ነው፣ ከአራቱ መካከልም ለሜክሲኮ ተወላጅ የሚደርሳት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ውድድር ደግሞ ወላጇ ከዚያው ትምህርት ቤት ያልተመረቀን ልጅ አያስገባም፤ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዘዋወሩ ከኖሩት ወላጆች የተመረቀው ስንቱ ነው? ልጆቹ በዚህች ትንሽ ደንብ ውስጥ ትልቁን ሥርዓት አዩት። ሴቬሪታ ላራ የተባለችው ተማሪ አቤቱታ የያዘ ወረቀት በማደልዋ ከትምህርት ታገደች። በዲሴምበር 1969 ተማሪዎቹ ከክፍል ወጡ፤ ቁጥራቸው በየቀኑ እየጨመረ ከ1,000 አለፈ። ሦስቱ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን አነጋገሩ፤ በገና ዕረፍት ሳምንታትም ከውጭ የመጡ መምህራን ትምህርት እንዳያመልጣቸው አስተማሯቸው። በጃንዋሪ 1970 ቦርዱ አብዛኛውን ጥያቄ ተቀበለ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ወር ወላጆችና ወጣቶች ላ ራዛ ኡኒዳ የተባለውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መራጮችን መዘገቡ። በኤፕሪል 1970 በትምህርት ቦርዱም በከተማው ምክር ቤትም አሸነፉ። ልጆቻቸውን ስፓኒሽ ስለ ተናገሩ ይቀጣ የነበረው ትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ ማስተማር ጀመረ።

ታሪኩ ግን የድል ብቻ አይደለም። ኦገስት 29 ቀን 1970 ከ20,000 የማያንስ ሕዝብ የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተሰለፈ፤ ፖሊስ ሰልፉን በኃይል በተነ። ታዋቂው ጋዜጠኛ ሩበን ሳላዛር አንድ ቡና ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጡ በተተኮሰባቸው የአስለቃሽ ጋዝ ጥይት ተገደሉ። በግድያው ለፍርድ የቀረበ ሰው የለም። ላ ራዛ ኡኒዳም በ1972 ለቴክሳስ አገረ ገዥነት ባቀረበው እጩ አማካይነት ከ200,000 በላይ ድምፅ ቢያገኝም፣ በጉቲየሬዝና በጎንዛሌዝ መካከል በተነሣው የመሪነት ሽኩቻና በውጭ ግፊት ተዳክሞ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። በ1977 ክሪስታል ሲቲ የጋዝ ዋጋ ጭማሪውን አልከፍልም በማለቷ ጋዝ ተቋረጠባት፤ ምክር ቤቱን መያዝ ኢኮኖሚውን መያዝ አለመሆኑን ነዋሪው በብርድ ተማረው። የሁለት ቋንቋ ትምህርትም በ1998 በካሊፎርኒያ ሕዝበ ውሳኔ ተገድቦ በ2016 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ ነው የተመለሰው።

ይሁን እንጂ የተዘራው ሁሉ አልጠፋም። ከማዮ መሥራቾች አንዱ የነበረው ዊሊ ቬላስኬዝ በ1974 የደቡብ ምዕራብ መራጮችን የሚመዘግብ ድርጅት አቋቋመ። በ1968 ተማሪዎቹን ካስተባበሩት መካከል አንዷ የነበሩት ቪኪ ካስትሮ በ1993 ያንኑ የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቦርድ በአባልነት ገቡበት። ሳል ካስትሮም በ2013 ከማረፋቸው በፊት በስማቸው የተሰየመ ትምህርት ቤት በከተማው ውስጥ ሲከፈት ለማየት በቁ።

በዚያው በዲሴምበር 1969፣ የክሪስታል ሲቲ ተማሪዎች ከክፍል በወጡበት ወር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ሁለቱ አገሮችም፣ የሁለቱ ትግሎች ስፋትም አይመሳሰሉም፤ የተከፈለው መሥዋዕትነትም አይነጻጸርም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከቺካኖዎቹ ልንዋስ እንችላለን። እነርሱ ከሰልፍ ሲመለሱ እናታቸው ፊት ተቀምጠው ለምን እንደ ወጡ በእናታቸው ቋንቋ ማስረዳት ግድ ሆነባቸው፤ እናትየዋም ገብቷት በቦርዱ አዳራሽ ወለል ላይ አደረች። እኛስ በየጉባኤው ያወጣነውን የአቋም መግለጫ ከእናቶቻችን ለስንቶቹ፣ በሚገባቸው አማርኛ፣ በሚገባቸው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ አስረድተናል? ከዚህ ጥያቄ ያመለጠ ተማሪ ሰልፍ ሊያሳምር ይችላል፤ ሕዝብ ግን አያደራጅም።