«ተከሚሴ»፦ በአንዲት የወሎ ከተማ ስም ፊት ስለሚቆመው መስተዋድድ

ከሚሴ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ፣ በካራቆሬና በሐርቡ መካከል የምትገኝ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ስሟ ከየት መጣ የሚለውን ክርክር ለሌሎች እተዋለሁ። እዚህ የማነሣው ስሟ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የሚገጥመውን ነው።

አማርኛ የመድረሻን ስም ያለ መስተዋድድ ከግስ ጋር ያገናኛል። «ደሴ ሄደ» ለማለት «ወደ» አያስፈልግም፤ የአውቶቡስ ረዳትም «ከሚሴ ነህ?» ሲል መድረሻን መጠየቁ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም።

ጣጣው መነሻ ላይ ነው። «ከሚሴ መጣሁ» ያለ ሰው ከተማዋ ደርሷል፤ «ከከሚሴ መጣሁ» ያለው ለቋት ወጥቷል። በፈጣን ንግግር አንዲት «ከ» ብትዋጥ አቅጣጫው ይገለበጣል። በማወዳደርም እንዲሁ ነው፦ «ደሴ ከከሚሴ ይቀዘቅዛል» ከሚለው አንዷ ብትወድቅ የሚነጻጸረው ነገር ይጠፋል። «እስከ ከሚሴ» ላይም ሁለቱ «ከ»ዎች ይጋጠማሉ። ለዓይንም ቢሆን ስሙ ወጥመድ አለበት፤ አንባቢ «ከሚ» ብሎ የሚጀምር ቃል ሲያይ «ከሚሄደው»፣ «ከሚመጣው» ዓይነት ግስ መጠበቅ ልማዱ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ካራቆሬና ኮምቦልቻም በ«ከ» ቤት ይጀምራሉ፤ ነገር ግን «ከካ» እና «ከኮ» አናባቢያቸው ስለሚለያይ ጆሮ ይለያቸዋል። ሙሉ ፊደሉ የሚደገመው በከሚሴ ላይ ነው።

ከዚህ ጣጣ የምታወጣው በወሎ አማርኛ በ«ከ» ፋንታ የምትገባው «ተ» ናት። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ግዙፍ የአማርኛ ሰዋስው «ተ»ን የ«ከ» የቀበልኛ አቻ አድርጎ ያልፋታል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። አቻ ማለት ተናጋሪው ያለ ምክንያት አንዷን በሌላዋ ይተካል ማለት ይሆናል። የወሎ ሰው «ተከሚሴ መጣሁ» ሲል ግን ፊደሉ አይደገምም፣ አቅጣጫውም አይምታታም። አምሳሉ አክሊሉና ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ወሎ ቀበልኛ ያቀረቡትን አጭር ጽሑፍ በኋላ የመጡ አጠቃላይ ሰዋስዎች ተገቢውን ቦታ የሰጡት አይመስለኝም፤ ቀበልኛን በኅዳግ ማስታወሻ ማስቀመጥ የቆየ በሽታችን ነው።

የከሚሴ ሰው በአብዛኛው ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ መሆኑም አይዘነጋ። በአፋን ኦሮሞ «ከሚሴ ኢራ ዹፌ» ሲባል የመነሻው ምልክት ከስሙ በኋላ ስለሚመጣ ግጭት የለም። ስሙን በዚያኛው ቋንቋ ሳይነካ የለመደ ጆሮ፣ በአማርኛም መነሻውን ሳይደናቀፍ የሚሰማበትን «ተ»ን ቢመርጥ አይደንቅም። ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ መናገር የወግ ግዴታ ነው፤ ቢሆንም የተሻለ ማብራሪያ አላጋጠመኝም።

«ተደሴ»ም ይባላል፣ ታዲያ የ«ከ» መደጋገም ምን አገባው? ይሉኛል። «ተ» የተፈጠረችው ለከሚሴ ነው አላልሁም፤ ከሚሴ ላይ ሥራ አላት ነው ያልሁት። አዲስ አበቤውም «ከከተማ መጣሁ» ሲል አይቸገርም ለሚሉኝ፦ እሱ ምርጫ የለውም፣ «ተ» ከአፉ ከወጣች ቆይታለች። የወሎው ሰው ግን ሁለቱም አሉት። «ተ» የግስ ቅድመ ቅጥያ ስለሆነች ታደናግራለች የሚለው ደግሞ ክብደት የለውም፤ የከተማ ስም እንደ ግስ የሚያረባ የለም።

ሐሳቤ የሚፈተንበት ቦታ ቅርብ ነው። በወሎ ተሁለደሬና ተንታ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። «ተ» እና «ከ» በእርግጥ ተራ አቻዎች ከሆኑ በእነዚህ ስሞች ፊት «ተተሁለደሬ»፣ «ተተንታ» እንደ «ተከሚሴ» በብዛት መሰማት አለባቸው። እኔ የምጠብቀው ተቃራኒውን ነው፦ ያው ተናጋሪ፣ በዚያው ጨዋታ፣ ስለ ከሚሴ ሲያወራ «ተ» ብሎ ወደ ተንታ ሲዞር «ከ» እንዲል። የድምፅ መቅጃ ይዞ ወደዚያ የሚወርድ ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊመዘግብልን የሚገባው ይህን ጥንድ ነው።