የማዕድን ቈፋሪዎች ትምህርት ቤት በማን ገንዘብ ተከፈተ?



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ያውም ገና የሃያ አራት ዓመት ጐልማሳ፥ የበላዮቹን ሳያስፈቅድ፥ በጀት ሳይጠይቅ፥ ከገዛ ገንዘቡ ቈርሶ ትምህርት ቤት ቢከፍት ምን ትሉታላችሁ? ከእናንተ መካከል የመዝገብ ቤትንና የሒሳብ ክፍልን ሥርዐት የሚያውቅ ሁሉ «ይህ ሰው ይጠየቅበታል» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን በእውነት የተደረገ ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1793 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። ቦታው በጀርመን አገር በፍራንከን ጫካ ውስጥ ያለች፥ ሽቴበን የምትባል ትንሽ የተራራ መንደር ናት። ሰውየውም ኋላ በጕዞውና በምርምሩ ስሙ በዓለም የተሰማው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው። የከፈተው ትምህርት ቤት የሹማምንት ልጆች የሚማሩበት አልነበረም። ከምድር ሆድ ብረትና መዳብ እየቈፈሩ ለሚያወጡ ምስኪኖች፥ ለእነርሱና ለልጆቻቸው፥ ያለ ክፍያ የተሰጠ ነበር።

ይህን ታሪክ ለማንሣት ያሰብነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ በስጦታና በርዳታ ገንዘብ ይጀመራሉ። የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ሕዝብ ያጨበጭባል፤ መሣሪያው ከሣጥን ሲወጣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሰጪው የውሉን ዘመን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የመምህሩ ደመወዝ ከወዴት እንደሚመጣ፥ ትምህርቱም በእውነት ለማን እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የማዕድን ሥራ ትምህርት ይህን ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተሸክሞ የኖረ ስለ ሆነ፥ ከእርሱ የምንማረው ብዙ ይመስለናል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሳክሶኒ በምትባለው የጀርመን ክፍል፥ ፍራይበርግ በተባለችው ከተማ አጠገብ ብር የተገኘው በ1168 ዓ.ም. ነው። ያ የማዕድን ተራራ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ጨውና ከብት የሸጡበት፥ ጥሎሽ የቈጠሩበት ጠገራ ብር በፈረንጅ ስሙ ታለር ይባላል፤ ይህም ስም የመጣው ከዚሁ ተራራ በወዲያኛው በኩል፥ በቦሔምያ ካለችው ዮአኪምስታል ከተባለችው የብር ማዕድን ከተማ ነው። እዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተመታው ትልቅ ብር በከተማዪቱ ስም ተጠራ፤ የማርያ ቴሬዛም ብር ስሙን ወረሰ።

ማዕድን በገጸ ምድር ሳለ ዶማና ጕልበት ይበቁታል። ጕድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ግን ውሃ ይሞላል፤ አየሩ ይበከላል፤ ከሁለት ወገን የሚቈፈሩ ዋሻዎች በተራራው ልብ ውስጥ ሳይተላለፉ እንዲገናኙ ማድረግ የሒሳብ ሥራ ይሆናል። የአንዱ ባለማዕድን ድንበር የት ላይ እንደሚያበቃ ከምድር በታች ለክቶ የሚያሳይ ቀያሽ ያስፈልጋል። በአንድ ኩንታል ድንጋይ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ አቅልጦ የሚመዝን ፈታኝም ያስፈልጋል። እነዚህን ሁለት ጥበቦች የያዙት ጥቂት ባለሙያዎች ሲሆኑ፥ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነበር። ባለሙያው እንጀራውን የሚያሳጣውን ተፎካካሪ በነጻ ለምን ያስተምራል?

የፍራይበርግ የማዕድን አስተዳደር ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ትእዛዝ ሳይሆን ገንዘብ ሆነ። በ1702 ዓ.ም. የተማሪዎች መርጃ የሚሆን አንድ ሣጥን ተቋቋመ። ከእርሱ በሚወጣ ገንዘብ ወጣቶች ቅየሳንና ማዕድን ፍተናን ከባለሙያው እግር ሥር ተቀምጠው እንዲማሩ ተደረገ፤ ባለሙያውም የምስጢሩን ዋጋ አገኘ። ሕንጻ አልተሠራም፤ ደወል አልተሰቀለም። ትምህርት ቤት ከሚለው ስም በፊት የመጣው ለተማሪውና ለመምህሩ የሚከፈለው ገንዘብ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ቅደም ተከተል ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነውና።

ስጦታ ጠብም እንደሚያመጣ ከዚያው ከተማ ምስክር አለ። በ1739 ዓ.ም. የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ሎሞኖሶቭን ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የማዕድን ጥበብ እንዲማሩ ወደ ፍራይበርግ፥ ወደ ሐኪሙና ኬሚስቱ ሄንክል ላካቸው። ተማሪዎቹ አስቀድሞ በማርቡርግ ዕዳ አብዝተው ስለ ነበር፥ ቀለባቸው በመምህሩ እጅ በኩል በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጣቸው ታዘዘ። ሎሞኖሶቭ ይህን አልታገሠም፤ ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ ዓመት ሳይሞላው በ1740 ዓ.ም. ጥሎ ወጣ። ወደ ውጭ አገር ተልኮ የኪስ ገንዘቡ የዘገየበት ሰው ካላችሁ፥ የሩሲያ ሳይንስ አባት የተባለው ሰውም በዚያው መንገድ ማለፉን ዐውቆ ይጽናና።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት የቈየው ጦርነት መጣ። ሳክሶኒ በፕሩሲያ ጦር ተይዛ፥ ግብር ተከፍሎባት፥ በ1763 ዓ.ም. ሰላም ሲወርድ ባዶ እጇን ቀረች። አገሪቱን መልሶ ማቅናት የሚቻለው በማዕድን ነው ተብሎ ስለ ታመነ፥ ሃይኒትስና ኦፐል የተባሉ ሁለት የማዕድን ሹማምንት አሳብ አቅርበው በ1765 ዓ.ም. የፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ ተመሠረተ። ለአዲስ ሕንጻ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ኦፐል የገዛ ቤቱን ክፍሎች ለትምህርቱ ለቀቀ፤ መጻሕፍቱንና የድንጋይ ስብስቡንም ለተማሪዎች ከፈተ። ቬርነር የተባለው ታላቅ መምህር ከ1775 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ ስላስተማረበት፥ ከአውሮፓ ሁሉ ተማሪ ይጐርፍበት ጀመር።

ሆኖም ከአካዳሚው የሚወጡት ሹማምንትና መሐንዲሶች ነበሩ። በመሰላል ወርዶ በፋኖስ ብርሃን ዐለት የሚፈልጠው ሰው በዚያ አዳራሽ ቦታ አልነበረውም። የፍራይበርግ አስተዳዳሪዎች ይህን ተገንዝበው፥ አካዳሚው ከተመሠረተ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ለበታች አለቆችና ለሠራተኛ ልጆች የተለየ የማዕድን ትምህርት ቤት ጨመሩበት። አንባብያን ልብ በሉ፤ ሹሙ ከተማረ በኋላ ነው ሠራተኛው የታሰበው። ይህ ዐይነት መዘግየት በአንድ አገር ብቻ የታየ አይደለም።

አሁን ወደ ሁምቦልት እንመለስ። በ1791 ዓ.ም. ፍራይበርግ ገብቶ ስምንት ወር ያህል ተማረ። ከጧቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ከቈፋሪዎቹ ጋር ምድር ውስጥ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትምህርቱን ይከታተላል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሃይኒትስ፥ አሁን የፕሩሲያ የማዕድን ሚኒስትር ሆኖ፥ ወደ መንግሥት ሥራ አስገባው። ፕሩሲያ በቅርቡ የተረከበቻቸውን የአንስባኽንና የባይሮይትን ማዕድኖች እንዲያቀና ተላከ።

በመጀመሪያ የያዘው ሥራ የመዝገብ ሥራ ነበር፤ ለቢሮ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። ከአንድ አሮጌ ምሽግ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የማዕድን መዛግብት አስወጥቶ፥ አቧራቸውን አራግፎ፥ የጥንቶቹ ቈፋሪዎች የት ላይ እንዳቆሙ አነበበ። በጎልድክሮናኽ የወርቅ ማዕድን፥ እርሱ ራሱ በደብዳቤው እንደ ገለጸው፥ በዘጠኝ ሰዎችና ከ700 ጉልደን በማይበልጥ ወጪ በአንድ ዓመት 2,500 ሴንትነር የወርቅ ድንጋይ አወጣ፤ ሴንትነር ግማሽ ኩንታል ያህል ነው። ከእርሱ በፊት በስምንት ዓመት 14,000 ጉልደን ፈሶ የተገኘው ግን 3,000 ሴንትነር ያህል ብቻ ነበር።

መዝገብ ያላሳየውን ነገር ያየው ወደ ጕድጓዱ ሲወርድ ነው። ቈፋሪው ጐበዝና ታታሪ ነው፤ ነገር ግን ባለ ማዕድኑን ድንጋይ ከባዶው አይለይም። የዋሻውን አቅጣጫ በኮምፓስ አያነብም። የተበከለውን አየር መንፈስ ነው ብሎ ይፈራዋል እንጂ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሸሽ አያውቅም። ከዚህ አላዋቂነት የተነሣ የሚባክነው ድንጋይ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሞት ነበር። ሁምቦልት በኅዳር ወር 1793 ዓ.ም. በሽቴበን «ነጻ የማዕድን ትምህርት ቤት» ያለውን ከፈተ። ለበላዮቹ ሪፖርት የላከው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ስለ ሥርዐት ጠበቃ ብንሆንም፥ አስቀድሞ አስፈቅዶ ቢሆን ኖሮ መልሱ መቼ ይደርሰው እንደ ነበር እያንዳንዳችሁ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

የትምህርቱ አሰጣጥ የሚያስደንቅ ነው። መምህር ይሆን ዘንድ ከበርሊን ምሁር አላስመጣም፤ ሽፐርል የተባለ በዚያው በማዕድን ሥራ ያደገ ወጣት መረጠ። ለቈፋሪ የሚሆን የመማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረ፥ የሚያስፈልገውን ጽሑፍ ሁምቦልት ራሱ አዘጋጀ። የሚማሩትም ንባብና ጽሕፈት፥ ለማዕድን ሥራ የሚበቃ ሒሳብ፥ የዚያኑ አካባቢ ድንጋዮች መለየት፥ የኮምፓስ አጠቃቀም፥ ስለ ማዕድን የወጣው ሕግና የአገሩ የማዕድን ታሪክ ነበር። ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለሚሰጥ ማንም እንጀራውን ጥሎ አልመጣም፤ ሕፃናቱም ጐልማሶቹም በአንድ ክፍል ይቀመጡ ነበር። ቈየት ብሎ በጎልድክሮናኽና በአርትስበርግም ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ተከተሉ።

በመጽሐፍ ብቻም አልቀረም። በተበከለ አየር ውስጥ የማይጠፋ ፋኖስና የመተንፈሻ መሣሪያ ሠራ። በ1796 ዓ.ም. ፋኖሱን ሊፈትን ወደ አንድ ጕድጓድ ገብቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ጐትተው ያወጡት ሰዎች ባይደርሱለት ሞቶ ነበር። ነፍሱ ስትመለስለት ያየው ነገር ደስ አሰኘው፤ ፋኖሱ እየበራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከእናቱ በወረሰው ሀብት የሩቅ አገር ጕዞውን ለማዘጋጀት የመንግሥትን ሥራ ለቀቀ። የሽቴበን ትምህርት ቤት ለጋሽም፥ ደራሲም፥ ተቈጣጣሪም በአንድ ቀን ሄደባት ማለት ነው። ለጋሹ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ መሆኑ የዚህ ሥራ ውበት ነው፤ ድካሙም እርሱ ነው።

መምህሩ ቬርነር በዚህ ረገድ ብልኅ ነበር ብንል አንሳሳትም። በ1814 ዓ.ም. የዕድሜ ልኩን የማዕድን ስብስብ ለአካዳሚው በ40,000 ታለር ሲሸጥ አብዛኛውን ገንዘብ በእጁ አልተቀበለም። ወለዱ እየተከፈለው ዋናው እንዲቀመጥ፥ በመጨረሻም ለአካዳሚው እንዲቀር አደረገ። ሁምቦልት ልቡን ሰጠ፤ ቬርነር ግን ልቡንም ወለዱንም ሰጠ።

የፍራይበርግ ትምህርት በጊዜው ከጀርመን ወሰን ወጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን፥ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን፥ ከምሥራቁ ክፍል ትምህርት ካገኙት አገሮች አንዷ ሞንጎልያ ነበረች። በጎቢ በረሓ ታላቁ የኦዩ ቶልጎይ የመዳብና የወርቅ ማዕድን በ2009 ዓ.ም. ውል ተፈርሞበት፥ በ2013 ዓ.ም. መዳቡ ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር፥ ብየዳ፥ ኤሌክትሪክና የከባድ መኪና ጥገና የሚያውቅ ሠራተኛ መፈለጉ ግድ ሆነ። የአሜሪካ መንግሥት ከ2008 እስከ 2013 ዓ.ም. በሰጠው ርዳታ ውስጥ የሙያ ትምህርት አንዱ ክፍል ነበር። ቀጥሎም ጀርመን፥ ስዊስና አውስትራልያ ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ ከዋና ከተማዪቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በዳላንዛድጋድ ያለውን ኮሌጅና ሌሎችንም ረዱ። ተለማማጁ ጥቂት ጊዜ በክፍል፥ ጥቂት ጊዜ በማዕድኑ ላይ እንዲሠለጥን ተደረገ። ሁምቦልት ጧት በጕድጓድ፥ ከሰዓት በኋላ በክፍል ይውል የነበረውን ሥርዐት ያስታውሷል።

ሦስት መንግሥታት ሲያዋጡ እንደ ሁምቦልት የአንድ ሰው መሄድ ሁሉን አያፈርስም። ነገር ግን ሌላ ፈተና አለ። ጥሩ ብየዳ የሚያስተምር መምህር ጥሩ በያጅ ነው፤ ማዕድኑም ከኮሌጁ የተሻለ ደመወዝ መክፈል ይችላል። የርዳታው ውል ለመሣሪያና ለሥልጠና በጀት ሲይዝ፥ ውሉ ካለቀ በኋላ ያን መምህር በክፍሉ የሚያቆየው ደመወዝ ከወዴት እንደሚመጣ አብሮ ካልጻፈ፥ ኮሌጁ ለማዕድኑ ያስረከበው ተማሪዎቹን ብቻ ሳይሆን መምህራኑንም ጭምር ይሆናል።

በዚያው አገር፥ ከዋና ከተማዪቱ በስተምሥራቅ ናላይኽ የምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። የመንግሥቱ ማዕድን በ1922 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1990ዎቹ ተዘጋ። ጀርመንና ሞንጎልያ በ2011 ዓ.ም. ተስማምተው ያቋቋሙት፥ መሐንዲሶች የሚማሩበት ከፍተኛ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን መቀመጫውም ናላይኽ ሆነ። የድሮው ማዕድን ከተዘጋ ወዲህ ግን ሥራ ያጡ ሰዎች በዚያው መሬት ላይ በገዛ እጃቸው ጠባብ ጕድጓድ እየቈፈሩ፥ ያለ መሐንዲስና ያለ ድጋፍ እንጨት ከሰል ሲያወጡ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ ከእነርሱም መካከል አፈር የተጫናቸው፥ አየር ያጠራቸው ብዙዎች ናቸው። ሁምቦልት በሽቴበን በማታ ክፍል የሰበሰበው እንደ እነዚህ ያሉትን ሰዎች ነበር።