የጉባኤው ጸሐፊ፦ ከመቅደላ እስከ መካነ ሰላም

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሽኝት ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ጋቢ ይደረባል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ አንድ ሁለት ሰው ተነሥቶ ‹‹ታታሪ ነበሩ›› ይላል። ተሸኚው የምክር ቤት ሠራተኛ ሲሆን ግን ምስጋናው ይሳሳል። ዕድሜውን የጨረሰው የሌላውን ንግግር ሲጽፍ፣ የሌላውን ረቂቅ ሲያርም ነውና ‹‹ይህን ሠራ›› ብሎ የሚጠቁምለት የለም። ምዕራብ ደቡብ ወሎን፣ ከመቅደላ አምባ እስከ ቦረናዋ መካነ ሰላም ያለውን ደጋ፣ በዚህ ዓይን ላየው ሰው ግን የጸሐፊው ታሪክ ከምክር ቤቱ ታሪክ ይረዝማል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደር አድባራትን መጻሕፍት መቅደላ ላይ ያከማቹት ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ንብረቱን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ላይ በጨረታ ሸጠው። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ዛሬም ለንደን ናቸው። የዚያን ዘመን ታሪክ ከጻፉት ሰዎች አንዱ አለቃ ዘነብ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር፤ እሳቸው በአማርኛ ጻፉት። ለእኔ ይህ ከአምባው መድፍ የሚበልጥ ነገር ነው፤ የመንግሥት ጉዳይ ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሥራቸውን ምሁሩ ኤኖ ሊትማን ያሳተመው በ1902 እ.ኤ.አ. ነበር።

ወሎ ለጉባኤ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖቱን ክርክር የቋጩት በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ነበር። የሕግ ጉባኤ ግን እስከ 1923 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ሐምሌ 9 ቀን የወጣው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት 55 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ሕዝቡ ተወካዩን በቀጥታ የመምረጥ መብት ያገኘው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምርጫ በየአራት ዓመቱ ይካሄድ ጀመር።

የምክር ቤት ሠራተኛ ሕይወት ምን እንደሚመስል ከባለመሬትና ጭሰኛ ግንኙነት ረቂቅ ሕግ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ረቂቁ ይቀርባል፣ ክርክር ይነሣበታል፣ ወደ ኮሚቴ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀርባል። ብዙዎቹ እንደራሴዎች ራሳቸው ባለመሬት ስለነበሩ መዘግየቱ አይገርምም። ሕጉ ሳይወጣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማው ተዘጋ፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ ደርግ ያለ ምንም የምክር ቤት ክርክር የገጠር መሬት አዋጁን፣ ቁጥር 31/1967ን፣ አወጀ። ዓመታት የፈጀ ቃለ ጉባኤ በአንድ ቀን መዝገብ ቤት ገባ።

አዋጁ ግን በየመንደሩ ሌላ ጸሐፊ ወለደ። የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት ላይ ነበር፤ በሊቀመንበሩ አጠገብ ደብተር የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ዳዊት የደገመ ወይም ጥቂት ክፍል የተማረ ነው። መሬት ማን እንዳገኘ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ የሚጽፈው እሱ ነው። ስሙ ሳይነሣ፣ ደመወዝ ሳይኖረው ያገለገለ ብዙ ነው። ሊቀመንበሩ ሊወርድ ይችላል፤ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠራው ግን ደብተሩን የሚያነበው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን በሩጫ ልለፋቸው፦ 835 አባላት የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ፣ 87 መቀመጫ የነበረው የሽግግሩ ምክር ቤት፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 547 መቀመጫ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል ምክር ቤት ዝክረ ሕግ የተባለ ጋዜጣ ያወጣል። አዋጅ 59/1994 ሆኖ የወጣው የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት የወረዳ ምክር ቤትን አደራጅቷል፤ መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ እንደመሆኗ ጉባኤው የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ተመራጩ የአምስት ዓመት እንግዳ ነው። ሠራተኛው እስከ 60 ዓመቱ፣ እስከ ጡረታ ድረስ እዚያው ነው። አጀንዳ ያዘጋጃል፣ ቃለ ጉባኤ ያስፈርማል፣ አዲሱ አባል የማያውቀውን የስብሰባ ሥርዓት በትሕትና ሹክ ይላል። የተናጋሪው ቃል ሲያዳላ እሱ አያዳላም፤ ይህ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ከአዲስ አበባው ይልቅ ይከብዳል፤ ስብሰባው ላይ የተወቀሰውን ሹም ማታ መንገድ ላይ ያገኘዋልና።

ስለዚህ ሸኚዎች ከጋቢው ጋር አንድ ነገር ቢጨምሩ ጥሩ ነው፦ የጻፈውን መቁጠር። ስንት መዝገብ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በየትኛው ቁም ሣጥን። ካልተቆጠረ ጡረተኛው እቤቱ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ይጮኻል፤ ‹‹ጋሼ፣ ያ የድንበሩ ውሳኔ የትኛው ፋይል ውስጥ ነበር?››